ማጭዱን ጠይቁት

የእናቴ ቀለበት የጠፋው ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። የቃል ኪዳን ቀለበቷ። ሊጥ ልታቦካ አውልቃ ቡፌው ላይ አስቀመጠችው፤ እጇን ታጥባ ስትመለስ የለም። ፍራሽ ተገለበጠ፣ ምንጣፍ ተነሣ፣ የቆሻሻ ቅርጫቱ ግቢ ውስጥ ተደፋ። ወፍ የለም። ከዚያ ማንም ምንም ሳይናገር የሁሉም ዓይን ወደ አንድ ሰው ዞረ፤ ወደ ቤት ሠራተኛችን።

ልጅቷ ከገጠር ከመጣች ዓመት አልሞላትም። ዕድሜዋ ቢበዛ አሥራ ስድስት ቢሆን ነው። ጎረቤቶች ቡና ላይ ተሰብስበው ችሎቱን ከፈቱት። አንዷ «ደንግጣለች እኮ፣ ፊቷን እዩት» አለች። አጠገቧ የተቀመጠችው ደግሞ «ምን ደነገጠች! የለመደባት ናት እንጂ» አለች። ልጅቷ «እትዬ፣ ማርያምን አላየሁትም» እያለች አለቀሰች፤ ለቅሶዋ ማስረጃ ሆነባት። ዝም ስትል ዝምታዋም ማስረጃ ሆነባት። በማግሥቱ ልብሷን በፌስታል አንጠልጥላ ሄደች። የወሩ ደመወዟ «በቀለበቱ» ተያዘ።

በዓመቱ ለፋሲካ ቤቱ ቀለም ሲቀባ ቡፌው ከግድግዳው ተላቀቀ። ቀለበቱ ከጀርባው አቧራ ለብሶ ቁጭ ብሏል።

ታናሽ እህቴ ያን ጊዜ አልተወለደችም። አሁን አሥረኛ ክፍል ናት። ባለፈው ክረምት የወንጀል ምርመራ ተከታታይ ፊልም ስታይ ሰነበተችና (በአንድ ፀጉር፣ በ45 ደቂቃ፣ ነፍሰ ገዳይ የሚያዝበትን ዓይነት) አንድ ቀን «ፎረንሲክ ሳይንስ አስተምረኝ» አለችኝ። ፎረንሲክ ማለት ባጭሩ ሳይንስን ለፍርድ አገልግሎት ማዋል ነው። እኔ ደግሞ የተማርኩት ታሪክ ነው፤ ላቦራቶሪን የማውቀው በበሩ ሳልፍ ነው። ግን ዝናቡ አያስወጣም፣ እሷም በቀላሉ የምትለቅ ልጅ አይደለችም። ስለዚህ ተስማማን፦ በየቅዳሜው አንድ ታሪክ ከእኔ፣ አንድ ሙከራ ከወጥ ቤት። እነሆ የዚያ ክረምት ማስታወሻ።

ሻይ ያልሆነው ሻይ

የጀመርነው ከአገራችን ነው፤ ከሌባ ሻይ። ሻይ ስል የሚጠጣው እንዳይመስላችሁ። «ሻ» ማለት ፈለገ ነው፤ ሌባ ሻይ ሌባ ፈላጊ። (የሚጠጣ ነገርስ አለው። ቆዩኝ።)

ንብረት የጠፋበት ሰው ሌባ ሻዩን ያስመጣል። ሌባ ሻዩ አንድ ትንሽ ልጅ ይዞ ይመጣል። ልጁ የተበጠበጠ መድኃኒት ይጠጣል፣ ጭስ ይስባል፣ ራሱን ይስታል። ከዚያ ብድግ ብሎ መሮጥ ነው። ወገቡ ላይ የታሰረውን የያዘው ሰው ከኋላው፣ ባለንብረቱና የመንደሩ ሰው ከዚያ ኋላ። ልጁ እየተንገዳገደ ከቤት ቤት ይዞራል። ገብቶ የተዘረረበት ቤት ባለቤት ሌባው እሱ ነው፤ ይክፈል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ አገራችንን ያዩ የውጭ ሰዎች ይህን ነገር እየተገረሙ ጽፈውታል። ዘመናዊ ፖሊስና ፍርድ ቤት እየተስፋፋ ሲመጣ ቀረ።

እህቴ ስትስቅ ቆየችና «ልጁን እንቅፋት ቢመታውስ?» አለች። ይህችን ጥያቄ ያኔ የጠየቀ ሰው ቢኖር ስንት ሰው ከዕዳ በዳነ!

ሁለተኛው መንገድ አውጫጭኝ ነው፤ አፈርሳታም ይባላል። ይሄኛው የሚከበር ጎን አለው። ቤት ሲቃጠል፣ ከብት ሲሰረቅ ወይም ሰው ሲገደል የአካባቢው ወንዶች በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባሉ። የቀረ ይቀጣል። እያንዳንዱ ያየውንና የሰማውን በመሐላ እንዲናገር ይጠየቃል። ጥፋተኛው ካልተገኘ ኪሣራው በሁሉም ላይ ይከፋፈላል፤ ስለዚህ «እኔን ምን አገባኝ» ብሎ ነገር የለም። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በእንግሊዝኛ የጻፉት «አፈርሳታ» የተባለው ልብ ወለድ የተሠራው በእንዲህ ያለ የመንደር ምርመራ ዙሪያ ነው።

ሌባ ሻይና አውጫጭኝ በብዙ ነገር ይለያያሉ። አንድ የሚያደርጋቸው ግን ጥያቄው ሁልጊዜ ለሰው መቅረቡ ነው። አንዱ የደነዘዘ ልጅን እግር ይጠይቃል፤ ሌላው የጎረቤትን ምላስ። የጎረቤት ምላስ ምን እንደሚያደርግ ከላይ አንብባችኋል።

ብቻ ሰው የተሰበሰበበትን ያንን ሜዳ በዓይነ ሕሊናችሁ ያዙልኝና ወደ ቻይና እንሂድ።

ዝንቦቹ መሰከሩ

እ.ኤ.አ. በ1247 ሶንግ ሲ የተባለ ቻይናዊ ዳኛ ሬሳ እንዴት እንደሚመረመር የሚያስረዳ መጽሐፍ ጻፈ። በዘርፉ እስከ ዛሬ ከቆዩት መጻሕፍት ሁሉ ጥንታዊው እሱ ነው ይባላል። ውስጡ ካሉት ታሪኮች አንዱ እንዲህ ነው። ሰው በመንገድ ዳር ተገድሎ ተገኘ። ቁስሉ የማጭድ ነው። መርማሪው ሹም የአካባቢውን ሰው በሙሉ «ማጭዳችሁን ይዛችሁ ኑ» ብሎ ሰበሰበ፤ የቀረ ወዮለት። ልክ እንደ አውጫጭኝ ማለት ነው። ግን ማንንም አላስማለም፤ ማጭዶቹን መሬት ላይ አስደረደራቸው። ቀኑ ሞቃት ነበር። ጥቂት ቆይቶ ዝንቦች መጡና ከሰባ ሰማንያው ማጭድ መካከል አንዱ ላይ ብቻ ሰፈሩ። ብረቱ ታጥቧል፤ ለሰው ዓይን ንጹሕ ነው፤ ለዝንብ ግን የደም ሽታው አለ። ባለማጭዱ አመነ።

ሰባት መቶ ሰባ ምናምን ዓመት ያለፈው ታሪክ ነው። ሰው የተሰበሰበበት ሜዳ ያው ነው፤ ጥያቄው ግን ከሰውየው ወደ ማጭዱ ዞረ። የፎረንሲክ ሳይንስ ታሪክ፣ እንደ እኔ እንደ እኔ፣ የዚህች መዞር ታሪክ ነው።

ቡና ውስጥ የተገኘው

ወደ እንግሊዝ እንሻገር፤ እ.ኤ.አ. 1833። አንድ ሽማግሌ ቡና ጠጥተው ሞቱ። የልጅ ልጃቸው ጆን ቦድል አርሰኒክ ጨምሮባቸዋል ተብሎ ተከሰሰ። ጄምስ ማርሽ የተባለ ኬሚስት ናሙናውን መረመረ፤ የአርሰኒክ ምልክት የሆነ ቢጫ ዝቃጭ አገኘ። ችግሩ፣ ዝቃጩ ችሎት ፊት እስኪቀርብ ተበላሸ። የፍርድ ሸንጎው አባላት በዓይናቸው ያላዩትን አናምንም አሉ፤ ቦድል በነጻ ተለቀቀ። በኋላ ራሱ አመነ።

ማርሽ ተናደደ። በ1836 አርሰኒክን እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጭ ጥቁር ልባስ አድርጎ የሚያሳይና የማይጠፋ መመርመሪያ ይዞ ብቅ አለ። ሽታ የለሽ፣ ጣዕም የለሽ የነበረው መርዝ ከዚያ ወዲያ መደበቂያ አጣ።

ግን ታሪኩ እዚህ አያልቅም። በ1859 ቶማስ ስሜትኸርስት የተባለ ሐኪም አብራው የምትኖረውን ሴት በመርዝ ገድሏል ተባለ። የዘመኑ ዝነኛ የመርዝ ሊቅ አልፍሬድ ስዌን ቴይለር (ማርሽ ከሠራው በተለየ ዘዴ) መርምረው አርሰኒክ አለ አሉ። ችሎት ላይ ሲመጣ ግን አርሰኒኩ የነበረው ራሳቸው ለመመርመሪያ በተጠቀሙበት መዳብ ውስጥ እንደሆነ አመኑ! መለኪያው ራሱ ቆሽሾ ነበር። ስሜትኸርስት የሞት ፍርድ ቢፈረድበትም ከብዙ ጩኸት በኋላ በግድያው ምሕረት ተደረገለት።

ቤት ውስጥ መርዝ መነካካት የለም፤ እኛ እርድ ወሰድን። እርድ በውኃ በጥብጠን ነጭ ወረቀት ቀባንና አደረቅነው። እህቴ የሳሙና ውኃ ጠብ ስታደርግበት ቢጫው ወደ ቀይ ቡናማ ተለወጠ። «አገኘሁት! የሳሙና መመርመሪያ!» አለች። ዝም ብዬ አመድ በውኃ በጥብጬ ሰጠኋት። እሱም አቀላው። ቤኪንግ ሶዳም እንዲሁ። «ታዲያ መቅላቱ ሳሙና መኖሩን አያሳይማ» አለች። አያሳይም። ሳሙና ሊሆን እንደሚችል ብቻ ነው የሚያሳየው። ዛሬም መርማሪዎች ደም መሳይ ነጠብጣብ ሲያዩ መጀመሪያ የሚያደርጉት ፈጣን ምርመራ ከዚህ የተለየ አይደለም፤ «ሊሆን ይችላል» ይላል እንጂ «ነው» አይልም። ቀጥሎ ያለ ምንም ነገር ንጹሕ ውኃ ብቻ ጠብ አደረግንበት፤ ምንም አልሆነም። ቴይለር የጎደላቸው ይህችው የውኃዋ ጠብታ ነበረች።

ጥላሸት የለቀቀው ሰው

የጣት አሻራን እኛ አገር የማያውቅ የለም። ማንበብና መጻፍ ያልታደሉ ወላጆቻችን አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ስንት ውል ፈርመዋል! ነገሩ በዓለምም የጀመረው በውል ነው። እ.ኤ.አ. በ1858 ዊሊያም ኸርሽል የተባለ እንግሊዛዊ ሹም ሕንድ ውስጥ አንድ ተዋዋይ በኋላ «አልፈረምኩም» እንዳይለው ሙሉ መዳፉን በቀለም አስነክሮ ውሉ ላይ አስረገጠው።

ከውል ወደ ወንጀል ያሻገረው ሌላ ሰው ነው። ሄንሪ ፎልድስ ስኮትላንዳዊ ሐኪም ሲሆን ቶኪዮ ውስጥ ይሠራ ነበር። ጥንታዊ የሸክላ ስብርባሪ ላይ የሸክላ ሠሪዎቹን የጣት ምልክት አይቶ መመራመር ጀመረ። በጥቅምት 1880 «ኔቸር» መጽሔት ላይ ባወጣው ደብዳቤ ሁለት አጋጣሚዎች ጠቅሷል። አንደኛው መጠጫ ላይ በቀረ ቅባታም አሻራ አልኮል ሲጠጣ የነበረው ሰው መታወቁ ነው። ሁለተኛውን ግን ልብ በሉ፤ ነጭ ግድግዳ ላይ የቀረ የጥላሸት አሻራ የተጠረጠረውን ሰው ነጻ ለማውጣት ረዳ። ገና ከጅምሩ፣ ከሁለቱ አጋጣሚዎች በአንዱ አሻራው የቆመው ለተጠርጣሪው ነው።

በ1892 ደግሞ አርጀንቲና፣ ኔኮቼያ በምትባል ከተማ፣ ሁለት ሕፃናት ቤታቸው ውስጥ ተገድለው ተገኙ። እናታቸው ፍራንሲስካ ሮሃስ አንገቷ ላይ ቆስላለች፤ «ያደረገው ቬላስኬዝ ነው» አለች። ፖሊስ ቬላስኬዝን ያዘ። ደበደቡት። ከሕፃናቱ ሬሳ ጋር አስረው አሳደሩት። አላመነም። ኋላ አልቫሬዝ የተባለ መርማሪ ከሌላ ከተማ መጥቶ ቤቱን ሲፈትሽ በሩ ላይ የደም አሻራ አየ፤ ጣውላውን ቆርጦ ወሰደው። ሁዋን ቩሴቲች የተባለው የፖሊስ ባለሙያ አሻራን መመደቢያ ዘዴ ሠርቶ ነበርና ከሰዎቹ ጋር ተመሳከረ። አውራ ጣቱ የእናትየዋ ነበር። አመነች። ያንን ሁሉ ዱላ የቻለውን ሰው ያዳነው አንድ ቁራጭ ጣውላ ነው።

(ስለ አሻራ ሲነሣ የኤድዋርድ ሄንሪ ስም ይጠራል፤ የለንደን ፖሊስ በ1901 ሥራ ላይ ያዋለው «የሄንሪ ዘዴ» ይባላልና። የምደባውን ስሌት ካልካታ ላይ የሠሩት ግን አዚዙል ሀቅና ሄም ቻንድራ ቦዝ የተባሉ ሁለት ሕንዶች ነበሩ። ስም የማን፣ ላብ የማን!)

ሙከራው ቀላል ነው። የእርሳስ እምብርት በምላጭ ፈቀፈቅን፤ ዱቄቱን በለስላሳ የሜካፕ ብሩሽ የማር ብርጭቆው ላይ በተን አደረግን፤ አሻራው ሲወጣ በስኮች ለጥፈን አንሥተን ነጭ ወረቀት ላይ አጋደምነው። የቤተሰቡን ጣት ሁሉ አስቀድመን በማኅተም ቀለም ወስደናል። ጥያቄው አንድ ነው፤ ማሩን እየሰረቀ የሚበላው ማን ነው? እህቴ አንድ ጊዜ አየችና «ወንድማችን ነው! መቶ በመቶ!» አለች። ይህን ፍርዷን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

የአሻንጉሊት ቤቷ ሴትዮ

ቤት ውስጥ ስለ መማር ከተነሣ ፍራንሲስ ግሌስነር ሊን ሳይጠሩ ማለፍ ነውር ነው። እ.ኤ.አ. በ1878 ቺካጎ ውስጥ ከናጠጠ ሀብታም ቤት ተወለደች። የተማረችው ቤቷ ውስጥ በአስጠኚ ነው። ወንድሟ ሃርቫርድ ገባ፤ እሷ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ አልደረሰችም። ጆርጅ ማግራዝ የሚባል የቤተሰቡ ወዳጅ ቦስተን ውስጥ አሟሟት መርማሪ ሐኪም ነበር፤ ከእሱ ወሬ ይህን ሙያ ወደደችው። ሕልሟን መኖር የጀመረችው ግን ሃምሳ ዓመት ከሞላት በኋላ፣ የራሷ ገንዘብ በእጇ ሲገባ ነው። በ1931 ገንዘብ ሰጥታ ሃርቫርድ የሕግ ሕክምና ክፍል እንዲቋቋም አደረገች።

ከዚያ በ1940ዎቹ ያልተጠበቀ ነገር አደረገች። የአሻንጉሊት ቤቶች መሥራት ጀመረች። ከትክክለኛው መጠን አሥራ ሁለት ጊዜ ያነሱ፣ መብራታቸው የሚበራ፣ ቁልፋቸው የሚቆልፍ ቤቶች። ካልሲው ሳይቀር በቀጭን መርፌ የተሠራ ነው። በየቤቱ ግን አሟሟቱ ያልታወቀ ሰው አለ። ፖሊሶችን ሰብስባ በተወሰነ ሰዓት የእጅ ባትሪ እያበሩ እንዲመለከቱ ታደርግ ነበር። ዓላማው ፈጥኖ ገዳይ መጥራት አልነበረም፤ ማየት መማር ነበር። ገዳይ የሌለበት ቤትም አለ፤ አደጋ ወይም ራስን ማጥፋት። ሙታኑ ደግሞ ብዙዎቹ ሴቶች፣ ብዙዎቹ ድሆች፣ ፖሊስ «ይሄማ ግልጽ ነው» ብሎ የሚያልፋቸው ዓይነት ሰዎች ናቸው። ሊ በ1962 ሞተች። ከቤቶቹ አሥራ ስምንቱ ባልቲሞር ውስጥ ተቀምጠው ለሥልጠና ሲያገለግሉ ኖረዋል።

እህቴ ይህን ስትሰማ የጫማ ካርቶን ፈለገች። ሳሎናችንን ሠራችው። ሶፋ ከክብሪት ቀፎ፣ ምንጣፍ ከአሮጌ ሹራብ። ከዚያ «የቀለበቱን ጊዜ ሳሎን አሳየኝ» አለች። ቡፌው የት ነበር፣ እማዬ የት ቆማ ነበር፣ ልጅቷ የት ነበረች እያለች አስቀመጠች። ቡፌዋን ከግድግዳው ትንሽ አራቀቻት፤ የሶኬቱ መሰኪያ ስለማያስጠጋው ነው አልኳት። ሽምብራ አንሥታ ቡፌዋ ጫፍ ላይ አደረገችና በጣቷ ነካ አደረገቻት። ሽምብራዋ ከኋላ ወደቀች።

«ያን ቀን ቡፌውን ያንቀሳቀሰው ሰው ነበር?» አለችኝ።

ፍራሽ ገልብጠናል። ቆሻሻ ደፍተናል። የልጅቷን ልብስ አንድ በአንድ በትነናል። ቡፌውን ግን ማንም አላንቀሳቀሰውም። ከባድ ነበር፤ ሌባዋም ተገኝታለች።

«አመነ» የተባለው ልጅ

እዚህ ላይ «ሰው ካመነ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?» የሚል አይጠፋም። መልሱ ሌስተር ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 1984 አሌክ ጄፍሪስ የተባለ የሌስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የእያንዳንዱ ሰው ዲኤንኤ እንደ አሻራ ሊለይ እንደሚችል አገኘ። በዚያው አካባቢ በ1983 እና በ1986 ሁለት የአሥራ አምስት ዓመት ልጃገረዶች ተደፍረው ተገደሉ። ፖሊስ የ17 ዓመት ልጅ ያዘ። ልጁ ሁለተኛዋን እኔ ነኝ ብሎ አመነ፤ የመጀመሪያዋን ካደ። ፖሊስ ሁለቱንም በልጁ ላይ ለማጽናት ጄፍሪስን ጠራ። ውጤቱ ሲመጣ ሁለቱንም ያደረገው አንድ ሰው ነው፤ ያ ሰው ግን ይህ ልጅ አይደለም።

በዓለም ላይ በወንጀል ምርመራ ዲኤንኤ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ይህ ነው፤ ባልሠራው ወንጀል «አምኖ» የታሰረን የሃይስኩል ዕድሜ ልጅ ነጻ ማውጣት። ቀጥሎ የአካባቢው ወንዶች ደምና ምራቅ እንዲሰጡ ተጠየቁ፤ ወደ አምስት ሺህ የሚጠጉ ሰጡ። (አያችሁ፣ አውጫጭኝ ተመለሰ! አሁን ግን የሚጠየቀው ደሙ ነው።) እውነተኛው ገዳይ ኮሊን ፒችፎርክ በእሱ ምትክ ሌላ ሰው ናሙና እንዲሰጥ አድርጎ ሊያመልጥ ሞከረ፤ ወሬው መጠጥ ቤት ውስጥ ወጣበትና በ1988 ተፈረደበት።

የእኛ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በራሱ ላይ ማስረጃ የሚሆን የእምነት ቃል እንዲሰጥ አይገደድም፣ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃም ተቀባይነት የለውም ይላል። አንቀጹ ለምን እንዳስፈለገ የቬላስኬዝና የዚህ ልጅ ታሪክ ከማንኛውም የሕግ ማብራሪያ በላይ ያስረዳል።

በዚያው በ1984 አርጀንቲና ውስጥ ደግሞ ክላይድ ስኖው የተባለ አሜሪካዊ የአጥንት ሊቅ በወታደራዊው መንግሥት የተሰወሩ ሰዎችን አጥንት የሚያወጣለት ፈለገ። የመጡለት ተማሪዎች ነበሩ፤ የአንትሮፖሎጂ፣ የአርኪዮሎጂና የሕክምና ወጣቶች። የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን እንዲህ ተወለደ። ይህ ቡድን በ1990ዎቹ መጀመሪያ እኛም ዘንድ መጥቶ ከልዩ ዐቃቤ ሕግ ጋር በደርግ ዘመን በጅምላ የተቀበሩ ወገኖቻችንን አውጥቶ ለመለየት ሠርቷል። ለቅሶ ሳይቀመጡ፣ «ይመጣ ይሆናል» እያሉ ዓመታት በር ያዩ እናቶች ለነበሩባት አገር የአንድ አጥንት ስም ማግኘት ምን እንደሆነ መናገር አያሻኝም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ በወደቀው አውሮፕላን 157 ሰዎች ሲያልቁም ቤተሰቦች መጀመሪያ ከቦታው አፈር ወስደው ቀበሩ፤ ኋላ ላይ የየሰዉን አካል የለየው ዲኤንኤ ነው።

መቶ በመቶ

አሁን ወደ ማሩ ልመለስ። እህቴ «ወንድማችን ነው፣ መቶ በመቶ» ብላ ነበር። አጉሊ መነጽር ሰጥቻት መስመሮቹን አንድ በአንድ እንድትቆጥር አደረግኳት፤ የት እንደሚከፈሉ፣ የት እንደሚያልቁ። ሰዓት ፈጀባት። ከዚያ ፊቷ ተለዋወጠ። አሻራው የወንድማችን አልነበረም። የእማዬ ነበር! (እማዬ የስኳር ምርመራ ቀጠሮ ስለነበራት ማር የተከለከለች ናት። ችሎቱ በዝግ ቀጠለ።)

«ለምን ወንድሜን አልሽ?» ብላት «እሱ ማር ይወዳላ!» አለችኝ። ሳታይ ፈርዳለች ማለት ነው፤ ያየችው የፈረደችውን ነው።

አትሳቁባት። መጋቢት 2004 እ.ኤ.አ. ማድሪድ ውስጥ በባቡሮች ላይ በፈነዱ ቦምቦች ከ190 በላይ ሰዎች ሞቱ። ፈንጂ ማቀጣጠያ በነበረበት ፌስታል ላይ አንድ አሻራ ተገኘ። የኤፍቢአይ ባለሙያዎች ኦሪጎን የሚኖር ብራንደን ሜይፊልድ የተባለ ጠበቃ አሻራ ነው፣ መቶ በመቶ አሉ። የስፔን ፖሊስ እንጃ አለ፤ አልሰሟቸውም። ሰውዬው ሁለት ሳምንት ያህል ታሰረ፤ ስፔኖች አሻራው የአንድ አልጄሪያዊ መሆኑን ሲያሳውቁ ተለቀቀ። በ2006 መንግሥት ይቅርታ ጠይቆ ሁለት ሚሊዮን ዶላር ከፈለው። ጉዳዩን የመረመረው የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ተቆጣጣሪ እንደጻፈው ሜይፊልድ ሙስሊም መሆኑ ባለሙያዎቹ ጥርጣሬ ሲቀርብላቸው ውሳኔያቸውን በቅጡ መልሰው ላለማየታቸው አስተዋጽኦ ሳያደርግ አልቀረም። በ2015 ደግሞ ኤፍቢአይ ራሱ ባለሙያዎቹ ስለ ፀጉር ከሰጧቸውና እንደገና ከተመረመሩት የችሎት ምስክርነቶች ቢያንስ 90 በመቶው ስሕተት እንደነበረባቸው አመነ። ያቺ በፊልሙ ላይ በ45 ደቂቃ ነፍሰ ገዳይ የምታሲዘው ፀጉር!

ስለዚህ ማጭዱን መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። ማጭዱ አይዋሽም፤ ግን ቋንቋውን የሚተረጉመው ሰው ነው፣ ሰው ደግሞ መስማት የሚፈልገውን ይሰማል። ፎልድስ ራሱ፣ ያ ሁሉ የተጀመረበት ሰው፣ በአንድ ጣት አሻራ ብቻ ሰውን መኮነን አደገኛ ነው እያለ ሲከራከር ነው የኖረው።

ቤታችሁ የሃይስኩል ተማሪ ካለ ሞክሩት። የሚያስፈልገው እርድ፣ እርሳስ፣ ስኮች፣ የጫማ ካርቶንና ትዕግሥት ነው። መርማሪ ባይወጣውም «ታዲያ መቅላቱ ሳሙና መኖሩን አያሳይማ» ማለት ከቻለ በቂ ነው። ነገ የአንድ ቤት አባወራ፣ እማወራ ወይም አለቃ ይሆናል፤ ከፊቱ ቆሞ የሚያለቅስ ሰው አይጠፋም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ በመጨረሻው ቅዳሜ፣ የካርቶኗን ሳሎን ልናነሣ ነበር። እህቴ ሽምብራዋን ከቡፌዋ ኋላ አወጣችና እማዬን ጠየቀቻት፤ «ቀለበቱ ሲገኝ ልጅቷን ፈልጋችሁ ነገራችኋት?»

እማዬ ቀለበቷን በአውራ ጣቷ አዞረች። አገሯን እንጂ ቀበሌዋን አናውቅም ነበር አለች፤ ያመጣትም ደላላ ነው፣ እሱም በኋላ ጠፋ። «ስሟንስ?» አለች እህቴ።

ስሟን ሁላችንም እናስታውሰዋለን። የአባቷን ስም ግን አንዳችንም ጠይቀናት አናውቅም።